የተፋቀው ሰደፍ

አባቴ ሌባ መሆኑን የደረስኩበት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በረዶው ቀልጦ ወንዙ ሞልቶ በነበረበት ሰሞን። የሰረቀው ደግሞ ባዕድ ሰው ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። የገዛ ወዳጁን፣ እኔ ከዘመድ ሁሉ አስበልጬ የምወደውን ስታሽ ዱዴክን ነው የሰረቀው።

ስታሽ የሥጋ አጎቴ አይደለም፤ ግን አጎቴ እያልኩ ነው ያደግኩት። ከአባቴ ከቨርነን ጋር በብረት ፋብሪካው ለዓመታት አብረው እሳት ሲሞቁ ኖረው፣ ፋብሪካው ሲዘጋ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። ቤቱ ከእኛ ቤት በላይ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው፤ ደረጃው ጉልበት ይፈታል። እሱና ሚስቱ ዶሎረስ ልጅ አልነበራቸውም፣ እኔም እህት ወንድም የለኝም፤ ስለዚህ የሁለት ቤት ልጅ ሆኜ ሁለት ጊዜ ቁርስ እየበላሁ ነው ያደግኩት።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኛ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ አባቴ፣ ስታሽና ፀጉር አስተካካዩ ሚልት። ሥራቸው ጠመንጃ ነው። መተኮሱን እንኳ እምብዛም አይሹትም፤ በሽታቸው መሰብሰብ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ መጋዘኗ ሲራገፍ፣ ወታደሮቿ ይዘዋቸው የነበሩ ረጃጅም አሮጌ ጠመንጃዎች በሣጥን በሣጥን ታሽገው፣ በግራሶ ተለውሰው ወደ እኛ አገር ይጎርፉ ጀመር። ወንዶቹ ግራሶውን ለማስለቀቅ እንጨቱን ከብረቱ ይፈቱና ብረቱን መታጠቢያ ገንዳችን ውስጥ ዘርግተው የፈላ ውሃ ይደፉበታል። ቤቱ በሙሉ የጋራዥ ሽታ ይሸታል።

«እኔ ነኝ በዚህ ገንዳ የምታጠበው ወይስ ቀይ ጦር?» ትላለች እናቴ ሎሬን ከላይ ሆና።

«ተራ ጠብቂ እንጂ፣ እነሱ ከሩቅ ነው የመጡት!» ይላል ስታሽ።

ለነዚህ ሦስት ሰዎች ብረቱ ጉዳያቸው አልነበረም። «ብረት ያው ብረት ነው። ወሬ ያለው እንጨቱ ላይ ነው» ይል ነበር ስታሽ። ከትከሻ እስከ አፈሙዙ አጠገብ የሚዘረጋውን እንጨት በጠቅላላ ሰደፍ ነው የሚሉት። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ሰደፎቹን ጎን ለጎን አጋድመው ያፈጡባቸዋል። የጥንቶቹ ዋልነት ከሚባል ዛፍ የተሠሩ፣ ጥቁር ቡናማና ከባድ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ የተሠሩት በርች ከሚባል ፈዘዝ ያለ እንጨት ናቸው፤ ላያቸው ላይ ቀላ ያለ ቫርኒሽ ተደፍቶባቸዋል። የኋለኞቹ ደግሞ ስስ ስስ ጣውላ ተነባብሮ የተጣበቀባቸው፣ ጎናቸው ሽንትር ሽንትር ያለ ነው። የማንገቻው ጠፍር የሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያው ብረት አለው ወይስ የለውም እየተባለ ምሳ እስኪቀዘቅዝ ይከራከራሉ። እኔ ሌላ ቤት ያሉ አባቶችም እሑድ እሑድ እንዲህ የሚያደርጉ ይመስለኝ ነበር።

ስታሽ ለኔ ያወጣው ጨዋታ ነበረው። «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ቴሳ» ይልና አንዱን ሰደፍ ጭኔ ላይ ያጋድመዋል። «በይ፣ ማነው?»

«በርች።»

«ጦርነት ያየ ነው ያላየ?»

እጄን ስሰድ የሆነ ቦታ ላይ ጣቴን የሚይዘው ነገር አገኛለሁ፤ የተሰበረውን ቆርጠው በሌላ እንጨት የሞሉበት ልጥፍ። «ያየ!»

«ጎበዝ! እነዚህ ሁለት ዓይናቸውን ከፍተው ያላወቁትን እኮ ነው ጨፍነሽ ያወቅሽው።»

በምድር ቤቱ አንድ ሕግ ነበር፤ የስታሽ ሕግ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ወደዚያ አይገባም። አባቴ አንድ ጊዜ የሻከረ ሰደፍ ሊያለሰልስ ብሎ ሲፍቅ ስታሽ አይቶት፣ እንደ ትንሽ ልጅ እጁን በጥፊ መታው። «ይሄ ቆሻሻ መሰለህ? የሰው ላብ ነው! የሠሪውን ማኅተም፣ ጭረቱን፣ ጥቀርሻውን ሳንነካ ነው ከኛ በኋላ ለሚመጣው የምናስረክበው። እኛ ጠባቂዎች ነን፣ ባለቤት አይደለንም።» አባቴ ለሳምንት አኮረፈ፤ ግን ከዚያ ወዲያ ብርጭቆ ወረቀት አልነካም።

ያን ዓመት የገና ዛፍ በተነሣ ማግስት ዶሎረስ ሞተች። ከቀብር በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ድንች የተሞላ ሊጥ በሽንኩርትና በቅቤ ተጠብሶ ቀረበ፤ ሁሌ እሷ ነበረች የምትጠቀልለው፣ ያን ቀን ግን ሌሎች ሴቶች ጠቀለሉት። ስታሽ ሳህኑን ይዞ ለመጣው ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለ አንድም ጉርሻ ሳይቀምስ ተቀመጠ። እኔ ሊጡ ወፍራም ሆኖበት መሰለኝ።

ከዚያ እሑድ እሑድ መምጣቱን ተወ። ጾሙ ሲገባ በየዓርቡ በእሳት አደጋ አዳራሹ ዓሣ የሚጠብሰው እሱ ነበር፤ በዚያ ዓመት ምጣዱን ሌላ ሰው ያዘው። ሰው ሲጠይቀው «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው» ይላል። እኔም ደክሞት ነው አልኩ፤ ትልቅ ሰው ደክሞኛል ካለ ደክሞታል ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ሾርባ በክዳን ዕቃ ሰጠችንና ከአባቴ ጋር ወደ ላይ ወጣን። ስታሽ በጓሮ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ ከጠመንጃዎቹ ሁሉ አንደኛ የሆነው የጥንቱ ዋልነት ሰደፍ ተጋድሟል፤ አባቴና ሚልት ለመንካት እንኳ የሚፈሩት። ስታሽ በብርጭቆ ወረቀት እየፋቀው ነው። ቀስ ብሎ፣ ያለ ችኮላ። ጥቁሩ ቆዳ ተገፎ እንጨቱ ገርጥቷል፤ ማኅተሞቹ የሉም። ዱቄቱ ሱሪውን፣ ጫማውንና የበረንዳውን ወለል ሸፍኖታል።

«ውይ፣ እንዴት አምሯል!» አልኩ።

አባቴ ሾርባውን ይዞ ቆሞ ቀረ። «ስታሽ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«እያጸዳሁት ነዋ።»

«ማኅተሙስ? አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ...»

«ለማን ብዬ፣ ቨርን?» አለ ስታሽ። አልተቆጣም። ቀና ብሎም አላየንም። ብርጭቆ ወረቀቱን አጥፎ በደህናው ጎኑ መፋቁን ቀጠለ።

አባቴ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። እኔም በሆዴ ታዘብኩት። ዶሎረስ ስትሞት እንኳ እንዲህ አልሆነም፤ ለአንድ እንጨት ሲባል ይሄ ሁሉ ድንጋጤ! አሁን ከአባቴ የያኔ ዕድሜ አልፌያለሁና እንጨቱ እንዳላስደነገጠው አውቃለሁ። ከኔ በኋላ ለሚመጣው ሲል ለዓመታት የሰው እጅ ሲመታ የኖረ ሰው፣ በድንገት ለማን ብዬ ሲል ነገውን ትቶታል ማለት ነው፤ ቤቱ ደግሞ ጠመንጃ ሞልቶታል። አባቴ የሰማው ያንን ነው። ስታሽ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ቢሰጥ ሊያነቡለት የሚችሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ እዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

ቤት እንደገባን ወደ ክፍሌ ተላክሁ። ልጅ ወደ ክፍሉ ሲላክ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጆሮውን እንደሚያቀና ትልልቆች ለምን እንደሚረሱት አይገባኝም።

«ሎሬን፣ ስታሽ ፋቀው» አለ አባቴ።

«ምኑን?»

«የጥንቱን። አንደኛውን። በብርጭቆ ወረቀት ሙልጭ አድርጎ።»

እናቴ ስለ ሰደፍ ደንታ የሌላት ሴት ናት። ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። የቧንቧው ውሃ ሲዘጋ ሰማሁ። «ዛሬውኑ ሚልትን ጥራው። ሁሉንም አውጡት፣ ቨርን፤ አንድም እንዳታስቀሩ» አለች።

«ምን ብዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! የእንጨት ወሬያችሁን አውሩለት። ብቻ ሳይነቃ በፊት።»

በማግስቱ ሚልትና አባቴ በስታሽ ማዕድ ቤት ተቀምጠው ስኳር የሌለው ቡና ሲጠጡ እኔም አለሁ። አባቴ ለበልጉ የጠመንጃ ትርኢት በእሳት አደጋ አዳራሹ የሰደፍ ጠረጴዛ ልናቆም ነው አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓይነት፣ አንድም ሳይጎድል።

«ያንተ ሳይኖር ጠረጴዛ አይባልም። የቨርን ስብስብ እኮ ማገዶ ነው» አለ ሚልት።

«ማገዶ ያልከው ካንተ የገዛሁት ነው!» ብሎ አባቴ ሳቀ። ከልክ በላይ ሳቀ። አባቴን አውቀዋለሁ፤ እንዲያ የሚስቀው ሲዋሽ ነው።

ስታሽ ቡናውን ያማስላል። «ውሰዱ።»

«ሁሉንም ነው ያልነው» አለ አባቴ።

«ሁሉንም ውሰዱ። ምን ይሠሩልኛል?»

ድሮ አንዱን ለማስተያየት ለአንድ ማታ ሲያውስ እንኳ እስከ በራችን ተከትሎ «ጥፍርህን ቁረጥ! እርጥብ እጅ እንዳይነካው!» የሚል ሰውዬ ነው። አሁን ቁም ሣጥኑ እስኪራቆት ድረስ እያንዳንዱን ጠመንጃ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሲያወጡ ፊቱን እንኳ አላዞረም። አባቴ ትንሿን መኪናችንን እስክትጎብጥ ጭኖ፣ አላፊ አግዳሚው እንዳያየው ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ማለት እሱ ነው። እኔ ከኋላ ወንበር ከጠመንጃዎቹ ጋር ተቀምጬ ውስጤ እርር ድብን አለ።

ምድር ቤት ሲደርሱ ሁሉንም ፈቱ። ብረቱን ሚልት ወስዶ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል፣ ብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። እንጨቶቹ ጠረጴዛችን ላይ ተጋደሙ። በዚያም አልበቃቸውም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴና ሚልት በተራ በተራ ዳገቱን ይወጡ ጀመር። አባቴ ጠዋት፣ ሚልት ሱቁን ሲዘጋ። አንዳንዴ አባቴ ካርታ ይዞ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ፊቱን ሳይላጭ ጠዋት ከዚያ ይመጣል። ምን የቀረ ነገር ሊወስዱ ነው እያልኩ ከመስኮት እቆጥርባቸው ነበር። ቴሌቪዥኑን? የዶሎረስን ሳህኖች?

አንድ ቀን ምሳ ላይ አልቻልኩም። «የአጎቴ ስታሽን ዕቃ መቼ ነው የምትመልሰው?»

አባቴ ሹካውን አስቀመጠ። «ጊዜው ሲደርስ።»

«መቼ ነው ጊዜው?»

«ቴሳ፣ ብዪ።»

«የእሳት አደጋ አዳራሹን ሰዎች ጠየቅኋቸው እኮ። ስለ ትርኢቱም ሆነ ስለ ሰደፍ ጠረጴዛ የሰማ ሰው የለም።»

አባቴና እናቴ ተያዩ። ሌባና ግብረ አበሩ ሲተያዩ እንዴት እንደሆነ በቴሌቪዥን አይቼው ስለነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ልቤ ቆረጠ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደገባሁ አባቴ ጓሮ ነበር፤ የሚልት ሰዓት ገና አልደረሰም። ምድር ቤት ወረድኩና ስታሽ ከሁሉም የሚወደውን በርች መረጥኩ። ሆዱ ላይ የዓሣ ቅርጽ ያለው ልጥፍ አለው፤ ስታሽ «ይሄን የለጠፈውን ሰውዬ ባገኘው ቢራ እጋብዘው ነበር» የሚለው። በፎጣ ጠቀለልኩት። ከኔ ይረዝማል። ብረቱ ትዝም አላለኝ። በቤታችን ጠመንጃ ማለት እንጨቱ ነው፤ ብረት ገንዳ ውስጥ የሚቀቀል ነገር ነው። ስለዚህ ሙሉ ጠመንጃ የመለስኩለት መስሎኝ፣ ደረጃው ላይ ሁለቴ እየወደቅሁ፣ ለባለቤቱ ላደርስ ወጣሁ።

በሩን ስታሽ ራሱ ከፈተ። ጢሙ አድጓል፤ ሸሚዙ ያው የቅዳሜው ሸሚዝ ነው። ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ እንኳ አይሰማም፣ ዶሎረስ እያለች ጠፍቶ የማያውቅ ሬዲዮ።

«ማነሽ? ቴሳ? ብቻሽን ነሽ?»

ፎጣውን ገለጥኩና ሰደፉን እግሩ ሥር አጋደምኩት። «አባቴ ሰርቆሃል» አልኩት፤ ማልቀስ ጀመርኩ። «ትርኢት የሚባል ነገር የለም። ውሸት ነው።»

ክንዴን ይዞ ማዕድ ቤት አስገባኝና አስቀመጠኝ። ሰደፉንም አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። «ብረቱስ?»

«ሚልት ጋ። ቆልፎበታል።»

«የሁሉንም?»

«የሁሉንም! አንድም እንዳይቀር ብላለች እማዬ። ሳትነቃ በፊት አውጡት ብላለች፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። አጎቴ ስታሽ፣ እነሱ ካንተ ቤት ከመጣን ቀን ጀምሮ ነው ይሄን የጀመሩት። የፋቅኸውን ካዩ ቀን ጀምሮ።»

ስታሽ ቀስ ብሎ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «በየቀኑ የሚመጡትም ለዚያ ነዋ» አለ፣ ለኔ ሳይሆን ለሰደፉ። «እኔ ደግሞ ቨርን ካርታ መጫወት አምሮት መስሎኝ። ሲሸነፍ የሚውለውም...» ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ መስሎኝ እኔም ልስቅ ስል እንባው ጢሙ ውስጥ ሲገባ አየሁ። ትልቅ ወንድ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበርና፣ መሰረቅ እንዲህ ያማል ማለት ነው አልኩ። እጄን እጁ ላይ አደረግኩ።

«ማንም ያየኝ አልመሰለኝም ነበር እኮ» አለ።

ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ተነሣ። ዳቦ ቆርጦ ቅቤ ቀባ፣ ስኳር ነሰነሰበትና ለኔ ሰጠኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው ስልክ ሄደ።

«ቨርን? ልጅህ እኔ ጋ ናት። ደህና ናት፣ ዳቦ እየበላች ነው።» ጀርባውን ሰጥቶኝ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ስማኝ። አንድ ረስተሃል።... አዎ። እናንተ የማታውቁት ነው፤ ከሁላችሁም በፊት የነበረኝ። ላይ፣ መኝታ ቤት።... አልነካውም። እኔና ቴሳ ማዕድ ቤት ነን፣ ከዚህ አንነሣም። ና ውሰደው።»

ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። ይህን ያህል ሞኝ ሰው በዓለም ላይ አለ? እኔ አንዱን ላስመልስለት ደረጃ ላይ ጉልበቴን ላጥኩ፤ እሱ የቀረውን መርቆ ይሰጣል!

አባቴ በቤት ጫማው ነው የመጣው። አንዱ እግሩ ባዶ ነበር፤ ጫማው የሆነ ቦታ ወድቆበታል። ከኋላው ሚልት ሽርጡን እንደለበሰ ደረሰ፤ ሽርጡ ላይ የሌላ ሰው ፀጉር ተበትኖበታል። የሆነ ሰው ፂሙን ግማሹን ተላጭቶ ወንበር ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

«ሌባ!» ብዬ በአባቴ ላይ ጮህኩበት።

አባቴ ዓይኑን ከስታሽ ላይ ሳያነሣ ወደ ውስጥ ገባ።

«ሌባስ ሌባ ነው» አለ ስታሽ። «ግን ምን ዋጋ አለው፣ ፍተሻ አይችልም።»

አባቴ ሁለት እጁን ዘርግቶ አንገቱን አቀፈው። ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች፣ ሁለቱም የፋብሪካ ሰዎች፣ ማዕድ ቤቱ መሐል እንደዚያ ቆሙ። ሚልት በእግር ጣቱ እየረገጠ ወደ ላይ ወጣ፤ ሲወርድ በዶሎረስ ካፖርት የተጠቀለለ ነገር ይዞ ማንንም ሳያይ በጓሮ በር ሄደ። እኔ ይህን ሁሉ ሳይ አባቴ ተይዞ አፍሮ፣ ስታሽም ይቅር ብሎት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓመታት ናቸው ያስረዱኝ። አባቴ ያን ሳምንት እዚያው ሶፋ ላይ አደረ። ሰኞ ዕለት በእናቴ መኪና ስታሽን ሐኪም ጋ ወሰዱት፤ «ስለ እንቅልፉ ነው» ተባልኩ። እሑድ መምጣት የጀመረው ሣሩ ሲታጨድ ነው፤ መጀመሪያ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር፣ በኋላ መጨቃጨቅ ጀመረ፣ ሚልት «ተመስገን፣ ተሳደበ!» ብሎ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ስታሽ እንጨቶቹን አንድ በአንድ ወደ ቤቱ መለሳቸው። የብረቱን ቁልፍ ግን እስኪያረጅ አልጠየቀም፤ ሚልትም አላስታወሰውም። ስታሽ በሰርጌ ላይ ከእናቴ ጋር ጨፍሯል፤ የሞተውም በእርጅናው፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ነርሶቹን እያሳቀ ነው። ይህን ሁሉ አባቴ አፍታቶ የነገረኝ ከቀብሩ ስንመለስ ነው፤ እኔ እስከዚያ ቀን ግማሹን በግምት ይዤ ነበር።

ያን ዕለት ግን አባቴ «አንቺ ወደ ቤት ሂጂ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አለኝ፤ ብቻዬን ዳገቱን ወረድኩ። ተናድጃለሁ፣ ፈርቻለሁም። ከምድር ቤቱ ዕቃ ሳላስፈቅድ ወስጃለሁ፣ በሰው ፊት ሌባ ብዬዋለሁ፣ የእናቴን ምስጢር አውጥቻለሁ። እናቴ በሩን ከፍታ ደጃፉ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። አባቴ ሲሮጥ የተናገረውን ሰምታለች መሰለኝ፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«የት ነው ያለው?» አለችኝ።

«ማዕድ ቤት። ከአባዬ ጋር ተቃቅፈዋል።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰደፉን እንደሰረቅሁ፣ ያለችውን ሁሉ እንደተናገርኩ፣ ስታሽ ሌላ ጠመንጃ ነበረውና እሱንም እንደወሰዱበት።

እናቴ እዚያው ደጃፉ ላይ በጉልበቷ ተንበረከከች። እንደምትመታኝ አውቄ እጆቼን ወደ ኋላ ደበቅኋቸው። ጎትታ አወጣቻቸውና ቅቤና ስኳር እንደተቀቡ፣ አንዱን ከዚያም ሌላውን ሳመቻቸው።